ጉጌን የወጣነው በስብሰባ ነው

ስብሰባ ሳይቀመጥ ውሃ እንኳ የማይጠጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ሴቻ ከተማ፣ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ጓድ ታደሰ የሚባል እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። አንድ ቀን የቢሮው ሰዎች ተሰብስበን ጉጌ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ሌሊት አድረን እንምጣ ተባባልን። ይህን ብለን ሳንጨርስ ጓድ ታደሰ ኮሚቴ አቋቋመና ሊቀመንበር ሆነ። ለዶርዜ ጋቢ አንድ ንዑስ ኮሚቴ፣ ለመፈክር ሌላ ንዑስ ኮሚቴ። እዚያ ላይ መፈክሩን ማን ይሰማዋል? ንፋሱ ይሆናላ!

እኔ ወንበሩ አላስቀምጥ ብሎኝ በመስኮት ወደ ደጋው አያለሁ። ደመናው እየከበደ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ማን ሊወጣው ነው?

"ጓድ ሊቀመንበር፣ መቼ ነው የምንሄደው?"

"እሱ የዛሬ አጀንዳ አይደለም" አለኝ፣ ለጉዞው ካስቆላነው ቆሎ እየዘገነ።

ስብሰባ ያስርባል፤ ሁላችንም ዘገንን። ቆሎው ያለቀ ዕለት ሂስና ግለሂስ ተቀመጥን። ማን በላው ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ። ጓድ ታደሰ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ስንቁ ካለቀ፣ ጓዶች፣ ጉዞው ተጠናቋል ማለት ነው!"

አጨበጨብን። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ታዲያ ተራራውን መቼ ነው የምትወጡት?" አለችኝ።

"ወርደናል እኮ" አልኳት።