አንጋፋዋ ጀማሪ

ጨራሽ የሌለበት ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፤ ጀማሪ የሌለበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ቤት አይጠፋም፦ ጊታር ገዝቶ አንድ ዘፈን ሳይወጣው አልጋ ሥር የሸጎጠ አጎት፣ በሩጫ ጫማዋ ገበያ ብቻ የምትመላለስ እህት፣ የውጭ ቋንቋ ጀምሮ ከሰላምታ ያላለፈ የሥራ ባልደረባ። ልዩነቱ፣ የእናንተዎቹ ተራ ጀማሪዎች ናቸው። የእኛዋ፣ ክብርት አክስቴ፣ በሙያው ማዕረግ ላይ የደረሰች ናት።

አክስቴ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነበረች። ከመስኮቷ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሁሉ ከክኒኑ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ ይሄድ ነበር፦ «ከጀመርክ እንዳታቋርጥ!» ይህን ስትል ጣቷን ስለምታወዛውዝ፣ በሽታውን ሳይሆን እሷን ፈርቶ የዳነው ብዙ ነው ይባላል። ጡረታ በወጣች ማግስት ግን እሷ ራሷ ጀምራ ያላቋረጠችው ነገር ጠፋ።

ማስረጃው ከሳሎኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተከማችቷል። ቤተሰቡ ክፍሏን «ሙዚየም» ይላታል። አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ አለ። አንገቱ ላይ የቆመ የፈረስ ሥዕል አለ፤ ፈረሱ እስካሁን ጭንቅላቱን እየጠበቀ ነው። ዓሣ ገብቶበት የማያውቅ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ውስጡ የአኮርዲዮን መማሪያ መጻሕፍት ተደርድረውበታል። ስለየትኛውም ብትጠይቋት መልሷ አንድ ነው፦ «እመለስበታለሁ።» ከዚያ በላይ ከገፋችኋት ፍልስፍናዋን ትዘረጋለች። «ጀማሪ ስትሆን ሰው ሁሉ ያበረታታሃል፣ ጎበዝ ይልሃል። ትንሽ ለመድ ስታደርገው መተቸት ይጀምራሉ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የምለምደው?»

የእኔ ድርሻ መሸከም ነው። የእህቷ ልጅ ስለሆንኩና መኪና ስላለኝ፣ የእያንዳንዱ ጅማሮ ይፋዊ አጓጓዥ ሆኜ ተሾሜያለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ደውላ «አዲስ ነገር ልጀምር ነው፣ ና ሱቅ ውሰደኝ» ስትለኝ፣ ሳልከራከር የመኪናዬን የኋላ ወንበር አጥፌ ሄድኩ። ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ የሚሳቅበት አልነበረም።

ምክንያቱ ባለቤቷ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበሩ፤ በተለይ የካምቢዮ ሰው ናቸው፤ ማርሽ የሚቀያየርበትን ያን በጥርስ የተሞላ ሳጥን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል ይባል ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ። አንደበታቸውም ተመለሰ፤ እንዲያውም ተስሎ ነው የተመለሰው። ቀኝ እጃቸው ግን እንደዛለ ቀረ። የምታሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ጣቶቹ ካልሠሩ እንዲህ ሆነው ይቀራሉ» ብላ፣ እየጨመቁ እንዲውሉ የላስቲክ ኳስ ሰጠቻቸው። ጋሼ ኳሱን ተመለከቱ፤ ከዚያ «እኔን በረኛ አደረገችኝ?» ብለው ለጎረቤት ውሻ ወረወሩት፤ እሱንም በግራ እጃቸው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ባለበት ማዕድ መቅረብም ተዉ።

«ጨዋታ ነው ካልኩት አይነካውም» አለችኝ አክስቴ መኪና ውስጥ። «ሥራ መምሰል አለበት። እኔ እጀምራለሁ፣ አበላሻለሁ፣ እሱ አላስችል ብሎት ይነሳል። ሰውዬውን አውቀዋለሁ።»

ለዚህ የመረጠችው በትናንሽ የፕላስቲክ ጡቦች የሚገጣጠሙትን ሞዴሎች ነው፤ የሕፃናቱን ሳይሆን የአዋቂዎቹን፣ ጥርሱ ከጥርስ ገጥሞ የሚዞረውን፣ መሪው የሚታጠፈውን፣ ማርሹ የሚቀየረውን። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በሳጥን ተሞልቷል። ባለ ሱቁ ጢማም ወጣት ነው፤ ስለ ዕቃው ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ የምር ወዳጅ።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው እናቴ?»

«ለስልሳ ስምንት።»

«አሃ። እርስዎ... ጀማሪ ነዎት?»

«ጀማሪ?» አለች አክስቴ ቀና ብላ። «ልጄ፣ እኔ በጀማሪነት አንጋፋ ነኝ።»

ባለ ሱቁ በር የሚያህል ሳጥን ጎትቶ አወጣ። ክሬን ነው። «ይሄ ሁሉንም ያስተምራል» አለ። አክስቴ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። «ይሄን የሚያህል መጠን ለመጀመሪያ ቀን አይታዘዝም። በሽተኛው ገና መመሪያውን ሲያይ ይተኛል።» ቀጥሎ የመጣው ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበር። እኔ ሳላስበው «እንዴት ያምራል!» አልኩ። እሷ ግን የናሙናውን ኮፈን ከፍታ ውስጡን አየችና መልሳ ዘጋችው። «ባዶ። መልክ ብቻ። ድሮ ሊያገባኝ የጠየቀ አንድ ሰው ትዝ አለኝ።» ሦስተኛው ሞተር አለው፣ በስልክ ይነዳል። «ሁሉን ሞተሩ ከሠራው ሰውዬው ምን ሊሠራ ነው? ተመልካችማ አሁንም ነው።»

ባለ ሱቁ ላብ ላብ አለው። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ፣ አቧራ የጠጣ መካከለኛ ሳጥን አወጣ። የጭነት መኪና ነው፤ ኮፈን የለው፣ በር የለው፣ አጽሙ ብቻ። መሃሉ ላይ ካምቢዮው ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

«ይሄን እንኳ ሰው ብዙም አይወስደውም» አለ አፍሮ። «ልብስ የለውም።»

«እርቃኑን ነው የምፈልገው» አለች አክስቴ፣ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀችና፣ የናሙናውን ቁርጥራጮች በግራ እጇ ብቻ መግጠም ጀመረች። አንዱን ሰካች። ሌላው ሸሸባት፣ በክርኗ አስጠግታ ያዘችው፣ ሰካችው። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ቆየት ብሎ ፈገግታውን ሰበሰበ፣ ምንም ሳይጠይቅ ከሌላ ሳጥን ውስጥ ጠበቅ የማይሉ ማያያዣዎችን በእፍኙ አምጥቶ ጨመረላት።

«የጎንዮሽ ጉዳት አለው?» ብላ ጠየቀችው ስንወጣ።

«ወለል ላይ የወደቀውን በባዶ እግር ከረገጡት» አለ፣ «አለው።»

ዕቅዱ ግን ገና ከመጀመሪያው ከሸፈ። አክስቴ መሳሳት አልቻለችም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፣ ቁርጥራጮቹን በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ውስጥ እየለየች ደረደረች፣ መመሪያውን አንዴ አይታ ሁለቴ አረጋግጣ እያንዳንዱን በቦታው አኖረች። እኔ ከጎኗ ሆኜ እቅበጠበጣለሁ።

«አክስቴ፣ ተሳሳቺ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እምቢ አለኝ» አለች እሷም በሹክሹክታ። «እጄ አይሄድልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዳልሳሳት ሳስተምረው ኖሬ!»

ጋሼ ከመስኮቱ አጠገብ አንገታቸውን አዙረው ተመለከቱ። «ጥሩ ነው» አሉና ወደ ውጭ መመልከታቸውን ቀጠሉ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው የማንንም ሥራ «ጥሩ ነው» ብለው አያውቁም። ያን ቀን እውነትም ተስፋ የቆረጡ መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የተፈራው ደረሰ። ልጠይቃቸው ብሄድ አክስቴን በር ላይ አገኘኋት፤ ግንባሯ ላይ የዋና መነጽር፣ ብብቷ ሥር ፎጣ።

«ዋና ጀመርኩ!» አለችኝ።

ወደ ውስጥ አየሁ። የጭነት መኪናው ጠረጴዛው ላይ ሆዱ እንደተከፈተ ተጋድሟል። ካምቢዮው ግማሽ ነው፤ የቀሩት ጥርሶች በየክዳኑ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። እኔ ሁልጊዜ የምስቀው ሰውዬ፣ ያን ቀን ተናደድኩ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ሹራብ አይደለም። የሰው እጅ ነው ያለበት።»

ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «እመለስበታለሁ አልኩህ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ሄደች።

ከጋሼ ጋር ብቻችንን ቀረን። እኔ ጋዜጣ ገለጥኩ። እሳቸው ወደ ውጭ አዩ፣ ወደ ጠረጴዛው አዩ፣ እንደገና ወደ ውጭ አዩ።

«ትመለሳለች?» አሉ።

«ብላለች።»

«ብላለች!» አሉ፤ አፍንጫቸው ተነፋ። «ካምቢዮ ከፍቶ ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ጋራዥ ብትሆን ዕለቱን ነበር የማባርራት። አንድ ልክ እንደ እሷ ያለ ነበረኝ፤ ከፍቶ ምሳ ይሄዳል! ሲመለስ አሸዋ በአሸዋ። አንተ፣ ተነስ፣ ጨርቅ አልብሰው።»

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነው እኮ። አቧራ ምን ያደርገዋል?»

«ካምቢዮ ካምቢዮ ነው!»

የወጥ ቤት ፎጣ አምጥቼ ጣል አደረግኩበት። አልጣማቸውም። «እንዲህ ነው የሚሸፈነው? ዞር በል!» ብለው ተነሱ። ፎጣውን አነሱት። ሊያለብሱት ጎንበስ ሲሉ ውስጡን አዩት። ከዚያ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ሲወጣ ጋዜጣዬን ወደ ላይ ከፍ አደረግኩ። በጋዜጣው ጫፍ ግን አያለሁ። መጀመሪያ እጁን እንደ ዕቃ መያዣ ነው የተጠቀሙበት፤ በእጅ አንጓቸው መኪናውን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው፣ በግራ ይሰካሉ። አንድ ማያያዣ አምልጦ ወደቀ። ልነሳ ስል «ቁጭ በል!» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነሱት፣ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፣ እኔም አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩ።

ከሰዓት በኋላው አጋማሽ ላይ ካምቢዮው ከነኋላ ጎማዎቹ ገጠመ። ጋሼ ማርሹን አስገቡ፣ ሞክሩት ብሎ እንደሚጋብዝ ሰው መኪናውን ወደ እኔ አዞሩና ማንቀሳቀሻውን ወደ ፊት ዘወሩት። የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ሄደ።

ጋሼ መኪናውን ገልብጠው ሆዱን አዩ።

«ዲፈረንሻሉን ገልብጣዋለች» አሉ በመጨረሻ። ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው ትልቁ ጥርስ በተቃራኒው በኩል ከተገጠመ፣ ጎማዎቹ በግልባጩ ይዞራሉ።

«ጋሼ፣ አክስቴ እኮ እዚያ አልደረሰችም።»

«ዝም በል።»

መፍታት ከመግጠም ይከብዳል። መግጠም መጫን ብቻ ነው፤ ለመንቀል ግን በሁለት በኩል ጥብቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ጋሼ በግራቸው ጎተቱ፣ አልሆነም። በጥርሳቸው ሞከሩ፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ተዉት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሱና እያንዳንዱን ጣት በግራ እጃቸው እያጠፉ፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደሚያስተካክል ሰው፣ መኪናው ላይ አስቀመጡት። ጎተቱ። ጣቶቹ ሸተት አሉ። እንደገና። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ማያያዣው ቀጭ ብሎ ወጣ፤ ያ እጅ ደግሞ የያዘውን አልለቀቀም።

አክስቴ ፀጉሯ እንደራሰ ገባች። አየች። እኔ ዓይኗ እንባ የሚያቀርር መስሎኝ ነበር።

«ማነው ዕቃዬን የነካው?» አለች። «ልመለስበት ነበር እኮ!»

«አንቺ?» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። «አንቺ ሴት፣ ከጋብቻችን በቀር ጀምረሽ ያላቋረጥሽው ነገር አለ?»

«ጋብቻችን መቼ አለቀ?»

«እሱን ነው የምልሽ!»

እንግዲህ ከጡረታዋ ወዲህ መሳቂያችን የነበረው አመሏ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሕክምና ዘዴ አደገ። አሁን አክስቴ ትጀምራለች፣ ሆዱ ሲከፈት ትሰለቻለች፣ ጋሼ እየተራገሙ ይጨርሳሉ። ባለሙያዋ ጣቶቹን እያጠፈች «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስትል፣ አክስቴ ቆፍጠን ብላ «እያቋረጥን» ብላ መለሰችላት። ቁልፍ መቆለፍ ገና ነው። ማንኪያ ግን ይይዛሉ፤ ሰው ባለበት ማዕድም ይቀርባሉ፣ ስለ ምግቡም ይተቻሉ። እኔ ደግሞ ባለ ሱቁ ጋ ደንበኛ ሆኛለሁ። ሳጥን ሳነሳ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መሃል ላይ ለማቆም ይመቻል?»

ትናንት ጋሼ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«አንተ፣ የት ነህ?»

«ሥራ ላይ። ምን ሆኑ ጋሼ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። አክስትህ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ከጠረጴዛው አልተነሳችም። ቁርሷን እዚያው በላች። አሁን እየዘፈነች ነው። ልትጨርሰው ነው!»

እንዲህ ያለ አደጋ ላይ ሰው ብዙ አያስብም። ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩና፣ እኛ ሰፈር የዳንስ ትምህርት ቤት መከፈቱን፣ ምዝገባውም በዚያው ዕለት ማታ እንደሚዘጋ ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ የፕላስቲክ ጥርሶች ሲዞሩ ይሰማኛል።

«ለጀማሪ ብቻ ነው አሉ» ብዬ ጨመርኩ።

ጥርሶቹ ቆሙ።

«ለጀማሪ ብቻ?» አለች። «ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ተነሳች፤ ከኋላዋ ሌላ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ሲሳብ ሰማሁ። እኔም አለቃዬን አስፈቅጄ፣ እስከ ማታ የሚገኝ የዳንስ አስተማሪ ፍለጋ ወጣሁ።