ኢናና በጎባ ቀበሌ

ዝምተኛ ሰው የሚታማው ጥቂት ነው፤ የሚጠራው ግን ብዙ። ለምን ቢሉ፣ ምስክር ሲፈለግ «እሱ ወሬ አያበዛም፣ እሱን አምጡት» ይባላል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ምስክርና ተከሳሽ የሚለያዩት በአንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር።

እኔ ቤት አንድ የታሪክ መምህር ተከራይቶ ነበር። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሮቤ ያስተምራል፣ ጎባ ያድራል። ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ያነበበውን ሁሉ ለሰው ማካፈል ይወዳል። ይኼ በዚያ ዘመን የጤና ነው?

ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠናል። ለቅሶ ሲሰነብት መቼም ጨዋታ ይጀመራል። መምህሩ ስለ ሱመር ያወጋን ጀመር፤ ዛሬ ኢራቅ ካለችበት የነበረ ጥንታዊ አገር ነው። ኢናና የምትባል የሰማይ አምላክ ነበረቻቸው አለ። እህቷ ደግሞ የሙታን አገር ገዢ፤ ስሟን ምላሴ አልያዘውም። ኢናና ወደ እህቷ ወረደች። ሰባት በር አለ። በየበሩ ዘበኛ እየተቀበለ አንዳንድ ነገር ያስወልቃታል፤ ዘውዷን፣ ዶቃዋን፣ አምባሯን፣ በመጨረሻ ቀሚሷን። ለምን ስትል፣ ዝም በይ የቤቱ ደንብ ነው ትባላለች። ራቁቷን ገባች። ገደሏትና እንደ ሥጋ ሜንጦ ላይ ሰቀሏት።

ይኼ የነፍስ ነገር ነው አለን መምህሩ። ሰው ክብሩንና ስሙን እያወለቀ ካልወረደ የገዛ ጨለማውን አያይም። እህት የተባለችውም ራሷ ኢናና ናት፤ አላውቃትም ያለቻት ግማሿ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ባይገባኝም፣ ለቅሶ ቤት ራስ መነቅነቅ ያምራል።

ይኼን ጊዜ ኦቦ ገመዳ ሳቀ። ከቀበሌ እስር ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። «ዱጋ ነው መምህር፣ እውነት ነው! ያችን በር እኔም አውቃታለሁ። እኔን መጀመሪያ ያስፈቱኝ ቀበቶዬን ነው» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም አፉን ያዘ። አስከሬኑ በወጣበት ቀን እንኳ እንደዚያ ጸጥ አላልንም።

በማግስቱ መምህሩን ወሰዱት። ከሰዓት እኔን ቀበሌ ጠሩኝ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ መምህሩ ጥግ ቆሟል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ከዚያ ክፍል ወደ በላዩ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው ተልከው ወሬያቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ተረቱ የቀበሌውን በር ይነካል ወይ ተባልኩ። አይ፣ የድሮ ነው አልኩ። የመቼ? ከቀበሌ በፊት አልኩ። መምህሩ ከጥግ ሆኖ፣ ብዙ ሺህ ዓመት ይሆነዋል ሲል አገዘኝ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየውና፣ «ታዲያ ያን ጊዜ የኛን አሠራር ማን ነገራቸው?» አለ።

ቀጥሎ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ጎባ ብርድ አገር ነው፤ እኔ ግን ጀርባዬ ረጠበ። የነፍስ ነው ብል መምህሩ ሃይማኖት ሰበከ፤ የነፍስ አይደለም ብል የበሩ ነው፣ አብዮቱን ሰደበ። አልገባኝም አልኩ። እውነቴን ነበር። ሊቀመንበሩም፣ «እኔም አልገባኝም» አለ። ከባለሥልጣን አፍ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ታላቁ ፍርድ ወረደ። መምህሩ ሮቤ ሄዶ ተረቱ የተጻፈበትን መጽሐፍ ያምጣ። አምጥቶ እስኪያሳይ ግን በእሱ ቦታ ሰው ይቀመጥ። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

በር ላይ ስንለያይ መምህሩ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ጋሼ፣ መጨረሻውን ለቅሶ ቤት አልነገርኳችሁም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ኢናናም ተነሥታ የተለቀቀችው እንዲሁ ነው። በምትክሽ ሰው ስጪ አሏት።»

ማንን ሰጠች አልኩ። ባሏን አለ።

የሮቤ መኪና ጡሩምባዋን ነፋች፤ ሮጦ ተንጠለጠለ። «ባልየውስ ወጣ ወይ?» ብዬ ጮኽኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«ግማሹን ዓመት ይለቁታል፣ ጋሼ!» አለኝ።