በገዛ እጄ የያዝሁት ቃለ ጉባኤ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትሁ ቁጥር ከረባት ያሰረ አንድ ጎረምሳ ብቅ እያለ «ዕድልን ወደ ራስህ ሳብ!» ይለኛል። እንደሱ አባባል ጠዋት በጊዜ ተነሥቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሥራውን ከልቡ ለሚሠራ ሰው ዕድል ራሷ አድራሻውን ጠያይቃ ትመጣለች። እኔ በዚህ አልከራከርም። ትመጣለች። እንዲያውም እኔ ዘንድ ሳታሰልስ ነው የምትመጣ። ችግሩ፣ በመጣች ቁጥር ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት ባንዱ ብራና የሚጽፉ መሪጌታ ነበሩ። ከሳቸው የወረስሁት ቤትም መሬትም ሳይሆን የእጅ ጽሕፈት ነው። ጽሕፈቴ፣ መመጻደቅ አይሁንብኝና፣ ያምራል። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ አይለቀኝም። ዓባይ ማዶ ቤት ሠርቼ የገባሁ ሰሞን እድሩ ጸሐፊ አደረገኝ፤ ወር ሳይቆይ ጽዋ ማኅበሩ ተከተለ፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴው። አንድ ጊዜማ ሹም አቦ ሰፈር ልቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ገና «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ሳልጨርስ፣ ስለ ተዝካሩ የሚመካከሩት ሽማግሌዎች «ተመስገን፣ መጣ!» ብለው ደብተር አቀበሉኝ። ለኔ ያልቅሱልኝ እንጂ!

«ታዲያ እምቢ አትልም?» ትሉኛላችሁ። ባለቤቴ የሺም ትለኛለች። እስቲ እናንተ «እንዳንተ የሚጽፍ የለም እኮ» ተብላችሁ እምቢ በሉና አሳዩኝ። ቀላል አይምሰላችሁ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገባሁበት ወንበር ላይ ነኝ። ከኔ በኋላ የተቀጠሩት አልፈውኝ ሲሄዱ የሹመት ደብዳቤያቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ታዲያ ስብሰባ ሲኖር «አስማረ የታል?» ሳይባል አይጀመርም። አለቃችን አቶ ምናሉ የሚጀምረውን እንጂ የሚጨርሰውን ነገር አያውቅም፤ ተነሥቶ «እንግዲህ… ያው… እንደምታውቁት…» ይልና ቁጭ ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ሰብሳቢው ጉዳዩን በጥልቀት አብራርተዋል» ይላል። ማን እንደጻፈው መቼም አትጠይቁኝም።

አምና ክረምት መውጫ ላይ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ማስታወቂያ ወጣ። የጻፍሁትም፣ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትም እኔው ነኝ። የሺ ይህን ስትሰማ «ዘንድሮ ካልተወዳደርህ እኔና አንተ አንተዋወቅም!» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈልጌው ነበር፤ እንዲያውም ክፉኛ ፈልጌው ነበር። ለደመወዙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጄ ጓደኞቿ ፊት «አባዬ፣ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለኝ ሳልንተባተብ የምመልሰው ነገር እንዲኖረኝ ፈለግሁ። ተወዳዳሪዬ ከተቀጠረ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ቦታው የማን እንደሆነ አጥሩ ሳይቀር ያውቀዋል ብዬ ተዝናናሁ።

የዕድገት ኮሚቴው የተሰበሰበ ለት፣ ተወዳዳሪ ነኝና እንደ ደንቡ ከአዳራሹ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የጣና ነፋስ በመስኮት ይገባል፤ እኔን ግን ያልበኛል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተከፈተና አቶ ምናሉ አንገቱን ብቅ አደረገ። በቃ ተሾምሁ ብዬ የኮቴን ቁልፍ ቆለፍሁ።

«አስሜ፣ ባክህ ግባልን፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ጠፋ» አለኝ።

ገባሁ። አዎ፣ ገባሁ! ተሳደቡ፣ መብታችሁ ነው።

እነሱ ስለኔ ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ «አስማረ ጎበዝ ነው፤ ግን ከዚያ ቦታ ቢነሣ ማን ይሠራዋል?» አለ። አንዷ ደግሞ «እውነት ነው፣ እንትን ይሆናል» አለች። ልብ በሉ፣ ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው። «እንትን ይሆናል» ተብሎ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም! እጄ መቼ ያስችለውና። እንዲህ ብዬ አሰፈርሁት፦ «ተወዳዳሪው በያዙት መደብ ላይ ያካበቱት ልምድ በሌላ ባለሙያ የማይተካ በመሆኑ፣ ከቦታው ማንሣትም በሥራው ላይ የማይጠገን ክፍተት የሚፈጥር ሆኖ ስለተገኘ፣ ባሉበት እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» «በሙሉ ድምፅ» ያልሁት ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምር ብዬ እንጂ አንዱ አባል ገና አልወሰነም ነበር። ሳነበው ግን እሱም «እንዲህ ከሆነማ…» ብሎ ፈረመ።

በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ስሻገር ለየሺ ምን ብዬ እንደምነግራት አጥቼ ነበር። እንደምንም ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ቆመችና ቅሬታ እንዳቀርብ አስማለችኝ።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘውዴ ጡረታቸው የደረሰ፣ የማንንም ፊት አይተው የማያዳሉ ሴት ናቸው። ማመልከቻዬን አነበቡ። ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡት።

«ልጄ፣ ተበድለሃል» አሉኝ። በደስታ ከወንበሬ ብድግ አልሁ። «ግን ምን ላድርግህ? ይህ ውሳኔ ቀዳዳ የለውም። ትንሽ ዝርክርክ ብሎ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬውኑ እሽረው ነበር። ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ከዚያ ግራና ቀኛቸው የተቀመጡትን አዩ። ጸሐፊያቸው ወሊድ ፈቃድ ወጥታ ስለነበር ፊታቸው ያለው መዝገብ ባዶ ነው። ትንሽ አፈሩ መሰለኝ። ቢሆንም መዝገቡን በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደኔ ገፉት።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቢያንስ ቢያንስ አንድ ቀዳዳ መተው ነበረብኝ፤ ጉዳዩን ወደ በላይ አካል ለመውሰድ ያቺው ትበቃኝ ነበር። ደግሞም ሞክሬያለሁ፣ እውነቴን ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አውቄ አጣምሜ ጻፍሁት። አየሁት። አስጠላኝ። ሰርዤ አቃናሁት፤ ከዚያ ወዲያ እጄ የኔን ምክር አልሰማም።

ወይዘሮ ዘውዴ ቅሬታዬ ውድቅ የሆነበትን ምክንያት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሦስት ነጥብ ነው፤ አንዱ ካንዱ የተያያዘ፣ ጥርት ያለ። አባላቱ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ «እስቲ ሁለተኛውን ይድገሙልን» አለ፤ ደገሙለት።

እኔም፣ የሺ አትስማብኝ እንጂ፣ ደስ አለኝ።