ያልተከራከሩበት አቡጀዲ

ሰው ከሥራው የሚወጣበት በር ብዙ ነው። ጌታው ይቆጣዋል፣ ገበያው ይከዳዋል፣ ዓይኑ ይደክምበታል፣ ወይም የጌታው የእህት ልጅ ከገጠር ይመጣል፤ የእህት ልጅ ከመጣ በኋላማ ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም። እኔ የወጣሁበት በር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እኔ ከሥራዬ የተሰናበትኩት ሞተሃል ተብዬ ነው። ያውም በእግሬ ሄጄ፣ በአፌ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ከቆምኩ በኋላ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የዚያን ዓመት መስከረም ሲጠብቅ የከረመው የእኔን ጉድ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ፣ መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ድሬን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ጨርቅ ሻጩ ከሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰፊው ደግሞ የስፌት መኪናውን ይዞ በረንዳው ላይ። ገዢው ጨርቁን አስቆርጦ ሲወጣ ደጃፉ ላይ እኛ በሜትር እንይዘዋለን። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። የበረንዳው ሰፊ የሚኖረው በባለሱቁ መልካም ፈቃድ ነው። የእኔ ባለሱቅ ሐጂ ዑመር ይባላሉ። ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ልባቸው የለሰለሰ፣ ሲከራከሩ ግን ለእናታቸውም የማይመለሱ ሰው ነበሩ።

መከራከር ስል እንግዲህ ዋጋ ማለቴ ነው። ድሬ ውስጥ ሳይከራከሩ መግዛት ነጋዴውን ማስቀየም ነው። ሐጂ «አሥር» ይላሉ፣ ገዢው «አራት» ይላል፤ ሐጂ በልጆቻቸው ይምላሉ፣ ገዢው ጥሎ ይሄዳል፤ ሐጂ ይጠሩታል፣ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱም እንደተበለጡ እየማሉ ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ከፈረንጆቹ ሰፈር ከከዚራ የመጣ አንዳንድ ፈረንጅ የተጠየቀውን ከፍሎ ሲሄድ ሐጂ ቀኑን ሙሉ ይከፋቸዋል። «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም አቦ» ይሉኛል።

ክርክር የማያውቀው አንድ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ሬሳ የሚገነዝበት የከፈን አቡጀዲ። ለዚያ የመጣ ሰው ስንት ክንድ እንደሚፈልግ ይናገራል፣ የተባለውን ይከፍላል። ሐጂም «ለማን ነው?» ብለው አይጠይቁም፣ የሟች ስም ገበያ ላይ አይነሳም። ዝም ብለው ይቆርጣሉ። ሟቹ የሚያውቁት ሰው መሆኑን ከገመቱ ደግሞ ገንዘቡን በእጃቸው መልሰው ይገፉታል። እንግዲህ በእኛ ሰፈር አንድ ሰው አቡጀዲ ጠይቆ ካልተከራከረ፣ ቤቱ ለቅሶ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ያ ጉንፋን መጣ። ሬዲዮው ከሩቅ ምሥራቅ የተነሳ ነው አለ። በመርከብ ጅቡቲ ወርዶ፣ ትኬት ቆርጦ በባቡር ገባ እያልን ቀለድንበት። መቀለዱን የተውነው ከየመንደሩ ሬሳ መውጣት ሲጀምር ነው። ሠርግ ቆመ፣ ገበያው ሳሳ፣ ሰው መጨባበጥ ፈራ። የድሬ ሰው መጨባበጥ ፈራ ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ሐጂ ሱቅ ውስጥ ግን ጉድ ታየ። ሐሩ፣ ሱፉ፣ አበባ ያለበቱ ሁሉ አቧራ ሲጠጣ አቡጀዲው ጣቃ በጣቃ ያልቃል። ከፈን ደግሞ ይቀደዳል እንጂ አይሰፋም። ከውስጥ መቀስ ሲጮህ በረንዳው ላይ የእኛ መኪና ዝም አለ። ሐጂ በዚህ ገበያ ያፍሩ ነበር። ሰው ሲገባ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አጠገቤ ይሰፉ የነበሩት ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ወደየአገራቸው ሄዱና በባዶ ቦታቸው የአቡጀዲ ጣቃ ተደረደረ። የቀረው ሥራ የሐኪም ቤት ትራስ ልብስ መስፋት ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ሰው በጭንቅ የሚያኖር። ሐጂ «እሱን አንተ ያዝ» አሉኝ። እኔም ሚስቴ በላይነሽ አራስ ናትና እግዜርንም ሐጂንም አመሰገንኩ።

ምስጋናዬ ሳይደርስ ታመምኩ።

ትኩሳቱ ሌላ ነው። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውጭው እሳት፣ ውስጡ እሳት፣ እኔ እሳት። በእኛ አገር ሙቀት ሲጠና አንሶላ በውኃ ነክሮ መልበስ የታወቀ ነው። አንሶላችን ግን አንድ ብቻ ሆነና ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። በላይነሽ አራስ ቤት ናት፣ መውጣት አትችልም። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» ብላ አቡጀዲ ልትገዛልኝ ሄደች።

አዴ ፋጡማን ብታውቋት! በአንድ እስር ቃሪያ ዋጋ ተከራክራ የገበያውን ሰው ሁሉ የምታስቆም ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ጉንፋኑን ፈራች። ሱቁ ሰው ሞልቶታል፣ ሁሉም ይስላል። አፍና አፍንጫዋን በሻሿ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ አቡጀዲውን በጣቷ አሳይታ፣ ክንዱን ተናግራ፣ ገንዘቧን ዘረጋች። ዋጋ አልጠየቀችም። አዴ ፋጡማ! ሐጂ አዩዋት። ጎረቤቴ መሆኗን ያውቃሉ፣ መታመሜን ያውቃሉ። ዕንባቸው መጣ አሉ። አቡጀዲውን ቆረጡና ገንዘቧን መልሰው ገፉት።

አዴ ፋጡማ እየሮጠች መጥታ «ሐጂ ለነፍሳቸው ፈርተዋል፣ ወላሂ በነፃ ሰጡኝ!» አለችን። እኛም መረቅናቸው። በማግሥቱ ደግሞ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ፣ የተቋጠረ ስኳር ደፍ ላይ አስቀምጦ፣ ርቆ ቆመና «ከሐጂ ነው፣ አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ሄደ። ያጽናችሁ ሲል ለበሽታው ያለን መሰለን። ስኳሩን በሻይ ጨረስነው።

አስቡት፣ ደጉ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እኮ ስሕተቱ ከምሳ አያልፍም ነበር። መጋላ ሙሉ ደረቱን እየመታ ይመጣና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ያገኘኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሰው ሰው ፈርቶ ለቅሶ ቀርቷል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ ስሞት አንድ ሰው አልመጣም።

ዳንኩ። ጉልበቴ እንደተመለሰ በማለዳ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሐጂ አጎንብሰው ጨርቅ ሲለኩ «እንደምን አደሩ ሐጂ» አልኩ። ቀና አሉ። መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«አዑዙ ቢላሂ!»

«ሐጂ፣ እኔ ነኝ፣ ተስፋዬ!»

«አንተ መሆንህን አውቃለሁ! እሱ አይደል እንዴ ችግሩ!»

አንዲት ገዢ ጮኻ ወጣች። ሐጂ በጣታቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው ሥጋ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ከፈንህን በእጄ ቆርጬ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። ያ ሲያቀዘቅዘኝ፣ «ተመስገን» ስልበት የሰነበትኩት አንሶላ ከፈኔ ነበር ለካ! ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ከሞቴ አለመሞቴ ባሰብኝ። ምክንያቱም ዘወር ስል ቦታዬ ላይ ሰው ተቀምጧል።

ጃማ ነው። ጃማ ከዚራ ውስጥ ለፈረንጆችና ለባቡሩ ሹማምንት ሱፍ የሚሰፋ የታወቀ ሶማሌ ነበር። ፈረንጆቹ በጉንፋኑ በራቸውን ሲዘጉ ሥራው ሁሉ ቆመ። እኔ ሞቼ ቦታው ባዶ ሲሆን ሐጂ ጠሩት፣ ቦታው የእሱ እንዲሆን በሰዎች ፊት ቃል ገቡለት፣ በቃሉም ላይ ፋቲሃ፣ የቁርዓኑ መክፈቻ፣ ተቀራ። ፋቲሃ የተቀራበት ቃል ደግሞ ከመሐላ ይበልጣል፤ የሚያፈርሰው ነጋዴ መጋላ ውስጥ ሰው አይባልም።

«ተስፋዬ፣ ምን ላድርግህ?» አሉኝ ሐጂ። «ሥራው አንድ ሰው ነው የሚያኖር። አንተን እወድሃለሁ። ቃሌን ደግሞ ማፍረስ አልችልም። መኪናህን ለሚስትህ ብዬ አስቀምጫለሁ፣ ውሰድ።»

«ሐጂ፣ ታዲያ እኔ ምን በልቼ ልደር?»

ሐጂ መቀሳቸውን ከመሬት አነሱ። ጃማ ተነሳና አጠገቤ መጣ። «ወሪያ ተስፋዬ፣ አንተ ሞተሃል ብለውኝ ነው እኔ የመጣሁት። ልጆች አሉኝ። አትቀየመኝ» አለኝ። እንዴት ልቀየመው? እንዴትስ አልቀየመው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ቦታዬን ማየት ሆነ ሥራዬ። ሥራ ፈልጌ ያልረገጥኩት ደጅ የለም፤ ሁሉም «ጊዜው ይለፍ» ይለኛል፣ ጊዜው ከማለፉ በፊት እኔ እንዳላልፍ ማንም አያስብም። ጃማ ግን በየቀኑ መንገዱን ይሻገርና፣ የሰፋውን ትራስ ልብስ ግማሹን ጠርዙን እንድዘመዝም፣ ቁልፉን እንድተክል ጭኔ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከአንድ ሰው እንጀራ ላይ ቆርሶ ነበር የሚሰጠኝ። ሐጂ እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ።

አንድ ጠዋት ጃማ ቀረ። በማግሥቱም ቀረ። ታሟል ተባለ፣ ቤቱ እንዳንሄድ ጉንፋኑን ፈራን። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ የጃማ እህት ሐሊማ ወደ ሱቁ ስትሄድ አየኋት። ሐሊማ የግመል ወተት የምትሸጥ ረጅም ሴት ናት። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ተከተልኳት። በልቤ ምን ምን እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ ሰው ነኝ።

«ሐጂ፣ አቡጀዲ» አለች።

የሐጂ ፊት አመድ መሰለ። ስንት ክንድ እንደሆነ ጠየቁ፣ ነገረቻቸው።

«ክንዱ በስንት?» አለች።

ሐጂ ዋጋውን በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ዋ! ሐጂ፣ ውድ ነው ወላሂ! ቀንስ።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ተከራከረች! የሐጂ ፊት በራ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ክርክር ባያችሁ! ሐጂ በልጆቻቸው ማሉ፣ ሐሊማ ጥላ ወጣች፣ ጠሯት፣ ተመለሰች፣ «አንቺ ሴትዮ ልታከስሪኝ ነው እንዴ!» እያሉ ሳቁ፤ በደስታቸው ብዛት ሳንቲም በሳንቲም ተናነቋት። እኔም ከደጅ ቆሜ እስካነባ ሳቅሁ። ጃማ አለ! ቦታዬን አለማግኘቴ እንዲያ ደስ ያሰኘኝ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሐሊማ ብቻ አልሳቀችም። ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከታ ሄደች።

ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ ጥቂት ሰዎች ሬሳ ተሸክመው በሱቁ ደጃፍ አለፉ። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ሱቁን ገርበብ አድርገው ለመሸኘት ተከተሉ፣ እኔም ተከተልኩ። ሐጂ ከጎናቸው ያለውን ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁት።

«ጃማ ነው» አላቸው፣ «ሌሊት ነው ያረፈው።»

ሐጂ መንገዱ መሃል ቆሙ። ሬሳው ራቀ፣ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። «ተከራከርኳት» አሉኝ። «በጃማ ከፈን ላይ ተከራከርኩ፣ ተስፋዬ። ሳቅሁ እኮ!» ክንዳቸውን ይዤ ከሬሳው ኋላ መራኋቸው።

ከቀብር መልስ ሐሊማ ደጃፍ ቆምን። ሐጂ «ምነው ብትነግሪኝ?» አሏት።

«ብነግርህ በነፃ ትሰጠኝ ነበር» አለች። «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያለብስ ኖረ። የመጨረሻ ልብሱን ለምኖ አይለብስም። እኔ ደግሞ ከያዝኩት በላይ አልነበረኝም። ታዲያ ባልከራከር ምን ላድርግ?»

ቦታዬን አገኘሁ። ሐጂ ከሱቁ ሳልወስድ የተውኩትን መኪናዬን ራሳቸው ተሸክመው አወጡና በረንዳው ላይ አስቀመጡት። ትራስ ልብስ እየሰፋሁ ጉንፋኑ አለፈ፣ ሠርግም ተመለሰ፣ የጃማን ልጆች ቀሚስና ሱሪ የምሰፋው እኔ ሆንኩ።

ሐጂ ግን አቡጀዲ ላይ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ፣ ለአንሶላ ይሁን ለትራስ፣ የገዙበት ዋጋ ይነገራል፣ ያው ነው። መጀመሪያ ገዢው ሁሉ ተቀየመ፣ ኋላ ለመደ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ባለሱቆች ቀዱ፤ «ቁርጥ ዋጋ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለም አልጠፋ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ስለ ንግድ ብዙ የተማረ ሰው ሱቁ ድረስ መጥቶ ሐጂን ጨበጣቸው።

«ይኼን ዘመናዊ አሠራር ከየት ተማሩት? ከግሪክ ነጋዴዎቹ ነው?» አላቸው።

ሐጂ በረንዳው ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ አዩ። እኔ መኪናዬ ላይ አጎነበስኩ።

«ከወተት ሻጭ ነው» አሉት።

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ።