ብርድ የማያስደነግጣቸው ጋሽ ተክለ ማርያም

ቶሮንቶ ውስጥ ሀበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ከሁሉም ቀድሞ የመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ብርዱን ራሱ ተሸክሞ ያመጣው ይመስል ይኩራራበታል። የእኛው፣ የስካርቦሮው፣ ክቡር ጋሽ ተክለ ማርያም ናቸው፤ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የገቡ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የዊንተር ጉዳይ ሙሉ ባለሥልጣን።

"ይሄ ደግሞ ብርድ ነው?" ይላሉ። ከዜሮ በታች አምስትም ይሁን ሃያ አምስት፣ መልሳቸው ያው ነው።

እኔ የመጣሁ ሰሞን አራት ሹራብ ደርቤ ሲያዩኝ "ይሄን ሽንኩርት ማን ልጦ ይጨርሰዋል?" ብለው ሰፈሩን አሳቁብኝ። በዚያው ዓመት የመኪናዬን በረዶ ላቀልጥ ብዬ የፈላ ውሃ ብደፋበት መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ይኸው ስምንት ዓመቴ፣ ዛሬም ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ "ዮዳሄ ትባላለች፣ መኪናዋን ሻይ ያጠጣችው" ነው የሚሉት።

ባለፈው የካቲት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ጀመረ። ዝናብ ነው እንዳይባል የነካው ላይ ሁሉ እየረጋ ይቀራል። እሑድ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ክው ብዬ ቀረሁ። እያንዳንዷ ጭራሮ ብርጭቆ ለብሳለች። አጥሩ፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ የጎረቤት ብስክሌት፣ ሁሉም ያበራል። ነፋስ ሽው ሲል ቅርንጫፎቹ እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ እያየሁ ሳለ አንድ ነገር ጓ! ብሎ ተሰበረ። መብራቱም በዚያው ጠፋ።

ወዲያው ወይዘሮ ጠጂቱ ደወሉ። ሦስት ቤት አልፎ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰማንያን ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው እናት ናቸው።

"ዮዳሄ፣ የደጄ ዛፍ ወድቆ በሩን ዘጋብኝ። የጓሮውም በር በግግር በረዶ ተጣብቋል። ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው ልጄ።"

ለእርዳታ ደወልኩ። ከተማው ሁሉ እየደወለ ነውና "ተራ ይጠብቁ" አሉኝ። ቀጥዬ ወደ ጋሽ ተክለ ማርያም ደወልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጋዝ ይዘው ወጡ፤ ከቡትስ ጫማቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቀዋል።

"ካልሲ ግግሩን ይቆነጥጣል። አንቺም አድርጊ። ደግሞ እንደ ዳክዬ ተራመጂ፣ አትቸኩዪ።"

እንደ ዳክዬ ተከተልኳቸው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ክቡርነታቸው አዳልጧቸው በቀኝ ጎናቸው ተዘረጉ።

"ጋሼ! ተጎዱ?"

"መሬቱን እየፈተሽኩ ነው" አሉና ተነሱ።

ከወይዘሮ ጠጂቱ ደጅ ስንደርስ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳለ ለማየት ዙሪያውን ተመለከቱ። አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ዛፉን መገዝገዝ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ያህል እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ እጎትታለሁ። በግራ እጃቸው መቁረጣቸው ገርሞኝ ነበር፤ ግራኝ ይሆናሉ ብዬ መጎተቴን ቀጠልኩ። በመጨረሻ በሩ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተከፈተ። ወይዘሮ ጠጂቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ከንፈራቸው ገርጥቶ ብቅ አሉ።

"ጠጂቱ፣ ይሄ ደግሞ ብርድ ነው ብለሽ ነው?"

"ተክለ ማርያም፣ አፍህን ተውና እጅህን ስጠኝ!"

ግራቸውን ሰጧቸው።

ምድጃዬ በጋዝ ስለሚሠራ ሁለቱንም እኔ ቤት ወስጄ ሾርባ አሞቅኩ። ወይዘሮ ጠጂቱ ፊታቸው ቀላ፣ ጨዋታም ጀመሩ። ጋሽ ተክለ ማርያም ግን ማንኪያውን አላነሱም። የቀኝ እጅጌያቸውን ሰብሰብ ሳደርገው አንጓቸው አብጦ እንደ ድንች ሆኗል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጠዋት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ወይዘሮ ጠጂቱ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ እኔን ይዘሽ ሐኪም ቤት ስትሮጪ፣ እሷን ማን ያወጣታል?"

አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። እጃቸው በጄሶ ታስሮ ማታ ከሐኪም ቤት ተመለሱ።

መብራት በሦስተኛው ቀን መጣ። የሰፈራችን ዛፎች ግማሾቹ ተገንጥለዋል፤ የቀሩት ላይ ፀሐይ ወጥታ ዓይን ታጭበረብራለች። ማለዳ ተነስቼ፣ በአንድ እጃቸው እንዳይቸገሩ ብዬ፣ ቀስ ብዬ የጋሽ ተክለ ማርያም ደረጃ ላይ ግግሩን የሚያቀልጥ ጨው መበተን ጀመርኩ። አንድ እፍኝ እንኳ ሳልጨርስ ከላይ መስኮት ተከፈተ።

"እንደዚህ አይበተንም! የዶሮ ጥሬ አደረግሽው እኮ!"

አበታተኑን ድሮ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ጆንያዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ።

"እንዴት ነው የሚበተነው፣ ጋሼ?"

መስኮቱን ደገፍ ብለው፣ ከመጀመሪያው አንስተው ያስረዱኝ ጀመር። እኔም እየበረደኝ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።