አንድ ወንበር ለአሥራ አራት አመልካች

(የልብስ ስፌት ፋብሪካ። ከማሽን ክፍሉ አጠገብ ያለ ጠባብ ኮሪደር። የቅጥር ኃላፊው ከእናቱ ሆድ ተምሮ የወጣ የሚመስለው ሰው ነው።  ትልቁ የስፌት ማሽን ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ «እስከ እኩለ ቀን መካኒክ ካልቀጠርክ እኔና አንተ እንለያያለን» ብላዋለች። ሠራተኛው ሁሉ «አቶ ቀስ» የሚለው ዘበኛ አንድ ወንበር አንጠልጥሎ ይገባል።)

ኃላፊው፦ ይሄ ምንድን ነው?

ዘበኛው፦ ወንበር።

ኃላፊው፦ ወንበር መሆኑንማ አያለሁ! አሥራ አምስት አምጣ አላልኩህም?

ዘበኛው፦ ብለዋል።

ኃላፊው፦ ታዲያ?

ዘበኛው፦ የሚቀመጥ ሰው በሌለበት አሥራ አራቱን ተሸክሜ ወገቤን ልቁረጥ እንዴ ጌታዬ?

ኃላፊው፦ አመልካች አልመጣም?

ዘበኛው፦ ኧረ መጥቷል! አሥራ አራት ሰው መጥቶ ነበር። መለስኳቸው።

ኃላፊው፦ (ራሱን ይዞ) መለስኳቸው ይላል እንዴ!

ዘበኛው፦ በሰጡኝ ዝርዝር መሠረት ነዋ።

ኃላፊው፦ የታለ ወረቀቱ?

ዘበኛው፦ ደህና ቦታ ነው፤ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። (በጣቱ እየቆጠረ) አንድ፣ ሴት አትግባ፤ ቦታው ተይዟል በላት። ሁለት፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አይግባ፤ ደክሟል። ሦስት፣ ከሠላሳ በታች አይግባ፤ አልበሰለም። አራት፣ የሚያነክስ አይግባ። አምስት፣ መነጽር ያደረገ አይግባ። ስድስት፣ ከወንዙ ማዶ ሰፈር የሆነ አይግባ፤ የማዶ ሰው አይታመንም።

ኃላፊው፦ (መነጽሩን ከፍ እያደረገ) ልክ ነው። ቅጥር ሳይንስ ነው፤ አንተ አይገባህም።

ዘበኛው፦ አይገባኝም። የሚያነክሰው ሰውዬ «የምጠግነው በእጄ ነው በእግሬ?» አለኝ።

ኃላፊው፦ ዝም ነው የሚባለው!

ዘበኛው፦ ዝም አልኩ። ሌላው ደግሞ የምስክር ወረቀቱ ብዛቱ! ግን ትናንት ሠላሳ ስድስት ሞልቶታል። እንኳን አደረሰህ ብዬ ሸኘሁት።

ኃላፊው፦ (ሰዓቱን እያየ) አንተ ሰው፣ ጉድ ልትሠራኝ ነው! አንድም አልቀረም?

ዘበኛው፦ አንድ አለ። ወንድ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ መነጽር የሌለው፣ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። ወንበሩን ያመጣሁት ለእሱ ነበር።

ኃላፊው፦ አላልኩህም! (እየሮጠ ይወጣል። ከአፍታ በኋላ እጁን እያፋተገ ይመለሳል።) ሰው ማለት እንዲህ ነው! «ልምድ አለህ?» ብለው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጉንጩን ይዞ ያስባል፤ ባለሙያ አፉ አይከፈትም! «ማሽኑ ክፉኛ ታሟል» ስለውማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዘበኛው፦ ከዚያስ?

ኃላፊው፦ ከዚያማ ሦስት ቀን ቆልፌው የከረምኩትን ክፍል ከፍቼ፣ በገዛ እጄ አስገብቼው መጣሁ።

ዘበኛው፦ እሱን ሰውዬ?

ኃላፊው፦ እሱን ነዋ! ምን ያስፈጥጥሃል?

(ከማሽን ክፍሉ ትርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ጭብጨባ ይከተላል።)

ኃላፊው፦ (ሊዘል ምንም አልቀረው) አስነሣው! ሰማህ? አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም! ስንዴውን ከእንክርዳድ መለየት ይሉሃል ይሄ ነው!

ዘበኛው፦ (በመስኮቱ እያየ) ጌታዬ፣ ሰውዬው ያውና በጓሮ በር ወጥቶ መንገድ እየተሻገረ።

ኃላፊው፦ የቱ ሰውዬ?

ዘበኛው፦ ስንዴው። መንጋጋው አብጦ ጥርስ ሐኪም ቤት ሲፈልግ እኮ ነው በእኛ በር የመጣው። ዕድሜውንም ሰፈሩንም ያየሁት ከቀጠሮ ካርዱ ላይ ነው።

ኃላፊው፦ ታዲያ አመልካች ነው ያልከኝ ለምንድን ነው?

ዘበኛው፦ መች ወጣኝ? አንድ የቀረ አለ ነው ያልኩት። መካኒክ ይሁን የሚል ዝርዝሩ ላይ የለም።

(ኃላፊው ስድስቱን መሥፈርት በልቡ ይቆጥራል። ለካ የለም።)

ኃላፊው፦ እ... እና ማሽኑን ማን አስነሣው?

ዘበኛው፦ (በማሽን ክፍሉ በር አጮልቆ) የእኛዋ ክር ቆራጭ ነቻ።

ኃላፊው፦ ሴትዮዋ? ማን አስገባት!

ዘበኛው፦ እርስዎ። በሩን ከፍተውት መጡ፤ ገባች። ዛሬ ጠዋት ከአሥራ አራቱ የመጀመሪያዋ አመልካች እሷ ነበረች። ቦታው ተይዟል አልኳት። «በማን?» አለችኝ። ወደ ክሯ ተመለሰች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽን በቆመ ቁጥር የምታስነሣው እሷ፣ የሚመሰገነው ጡረታ የወጣው መካኒክ!

ኃላፊው፦ ሴት አትግባ ብዬ ጽፌልህ!

ዘበኛው፦ ለፈተና እንዳትገባ ነው የጻፉት። ለሥራማ በየቀኑ ትገባለች።

ኃላፊው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር። ወረቀቱን ወዲህ በል።

ዘበኛው፦ ወረቀቱማ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ኃላፊው፦ ምን?

ዘበኛው፦ አሥራ አራት ሰው እየተቀባበለ «ለምን?» ሲለኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከማስታወቂያው ሥር ለጠፍኩላቸው። ፊርማዎም አምሮበታል።

ኃላፊው፦ ሂድ ገንጥለው! የፋብሪካው ባለቤት ሳትመጣ!

ዘበኛው፦ መጥተዋል እኮ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «የእኛው ኃላፊስ በዚህ ያልፋል?» አሉኝ።

ኃላፊው፦ ምን አልካቸው?

ዘበኛው፦ መዋሸት አልችልበትም። ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ፣ መነጽር አላቸው፣ ያደጉትም ከወንዙ ማዶ ነው አልኩ። (ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል።) ወንድነትዎን ግን መስክሬያለሁ።

ኃላፊው፦ አሁን የት ናቸው?

ዘበኛው፦ (ወደ ማሽን ክፍሉ ገባ ብሎ ይመለሳል) ውስጥ ናቸው። ከሚያጨበጭቡት አንዷ እሳቸው ናቸው። የመካኒኩን ቦታ ማሽኑን ላስነሣ ሰው እሰጣለሁ ብለው ነበር፤ ለክር ቆራጯ ሰጧት። ረዳትም እንድትመርጥ አሥራ ሦስቱ ለፈተና ይጠሩ ብለዋል። የእርስዎ ቦታ ደግሞ ለውድድር ወጥቷል። ፆታ አይለይም፣ ዕድሜ አይለይም፣ ሰፈር አይጠየቅም። ሥራ መቻል ብቻ።

ኃላፊው፦ (ወደ ወንበሩ ይሄዳል) ኧረ በፈጠረህ... ልቀመጥ እስቲ።

ዘበኛው፦ (ቀስ ብሎ ቀድሞት ይቀመጣል) ይቅርታ ጌታዬ፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው የሚቀመጠው።

ኃላፊው፦ አንተ? አንተ ስለ ቅጥር ምን ታውቅና!

ዘበኛው፦ እኔ ዛሬ አሥራ አራት ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። እርስዎ አንድ ሰው አነጋገሩ፤ እሱም ጥርሱን የታመመ።

(ኃላፊው ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ማሽኑ ውስጥ ይንጣጣል።)

ኃላፊው፦ እና... እኔ የት ልቀመጥ?

ዘበኛው፦ ወንበር መጋዘን ሞልቷል። አሥራ አራት ያምጡ፤ አሥራ ሦስቱ ለሰዎቹ፣ አንዱ ለእርስዎ። ብቻ ወገብዎን እንዳይቆርጥዎ፣ ቀስ እያሉ።