ክቡር ከርሰ ምድር

በእያንዳንዱ ቤተ ዘመድ ውስጥ ከመሬት በላይ ያለውን ነገር ሁሉ እንዲንቅ ተመርጦ የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን ስለ ጣራና ስለ መጋረጃ ስንጨነቅ እርሱ ከወለሉ በታች ስላለው ነገር ይጨነቃል። ሻይ ቢያቀርቡለት የተፈላበት ውሃ ከየት እንደ ተቀዳ ሳይጠይቅ አይቀምስም፤ ጠይቆ እስኪጨርስም ሻዩ ይቀዘቅዛል። በእኛ ቤት ይህ ዕጣ የወደቀው በታናሽ እኅቴ ባል ላይ ነው። በመንግሥት መዝገብ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪ ይባላል። እኔ ግን «ክቡር ከርሰ ምድር» እለዋለሁ፤ ማዕረግ ለሚገባው ሰው መንፈግ አልወድም።

መጀመሪያ ያየሁት እኅቴን ሊያጭ በመጣ ዕለት ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና አባታችን ግርማ ሞገሳቸውን ሰብስበው፣ «እህስ ልጄ፣ ምን ጉዳይ ይዘህ መጣህ?» አሉት። እንግዳው ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ዓይኑን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያንከራተተ፣ «ጌታዬ፣ ጓሮ ያለው ጉድጓድዎ ደኅና አይደለም» አላቸው። አባታችን እስኪያርፉ ድረስ፣ «ይህ ሰው ልጄን ነው ወይስ ጉድጓዴን ያገባው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በመንገድ አብረውት ሲሄዱ በድንገት ከጎንዎ ይጠፋል፤ ዞር ቢሉ ለመብራት ምሰሶ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ አጎንብሶ ያገኙታል። አጎታችንን በቀበርንበት ዕለት እንኳ፣ ሕዝቡ ሲያለቅስ፣ ከተቆፈረው አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ እያሸ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ቦታው ጥሩ ነው፤ ውሃው ሩቅ ነው» አለኝ። ያን ዕለት ከተነገሩኝ የማጽናኛ ቃላት ሁሉ ያልረሳሁት ይህን ብቻ ነው።

አብረውት ሥራ የጀመሩት ሁሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ምንጣፍና ጸሐፊ አገኙ። እርሱ ከምድር ቤቱ ክፍል አልተነቃነቀም። ክፍሉ ወንበር አለው፤ የተቀመጠበት ግን ሁልጊዜ የድንጋይ ናሙና ነው። የወንበሩ ጌታ ጫፉ ውሃ ሲነካ «ጢጥ» የሚል ረጅም የመለኪያ ገመድ ተሸክሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲባዝን ዕድሜው አለፈ። ይህ ዕረፍት የለሽ ፍጡር የሚሰብከው ስብከት ደግሞ ምን እንደሆነ ይገምቱ፤ «ውሃው ይረፍ!» ጉድጓድ ከመለካቱ በፊት የመሳቢያው ሞተር ጠፍቶ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ የተሳበው ውሃ ገና ስላልተተካ፣ ጤነኛው ጉድጓድ የደከመ መስሎ ይታያል። ይህን ለገበሬውም ለከንቲባውም ለአማቱም ሲያስተምር ኖሯል።

ባለፈው በጋ የላይኛው ፎቅ የኃላፊነት ወንበር ባዶ ሆነና ስሙ ተነሣ። እኅቴ በደስታ እየሮጠች መጣች፤ «ጋሼ፣ ባሌ ሊቀመጥልኝ ነው!»

መሥሪያ ቤቱ በዚያው ሰሞን የጋራ ጉድጓዶችን ያስለካ ነበርና የሰፈራችን ተራ ደረሰ። ጉድጓዱና ሞተሩ ያሉት በእነርሱ ግቢ ነው፤ የሚጠጣው ግን ጎረቤቱ ሁሉ ነው። ክቡር ከርሰ ምድር በየበሩ እየዞረ፣ «ነገ ሞተር አይነሣም፤ ዛሬውኑ ቅዱ! ውሃው ይረፍ!» ሲል አወጀ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ፣ «እኛንስ የሚያሳርፈን ባለሙያ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ሞተሩ ጠፍቶ አገኘው። ገመዱን ሰደደ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። በመጨረሻ «ጢጥ» ሲል ፊቱ አመድ መሰለ። ጉድጓዱ ሳይደርቅ ይታሸግ ብሎ ጻፈ። አለቃው በጽሑፉ ተደሰተ፤ «እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ነው የምንፈልገው» አለ። ወንበሩ ተሰጠ ማለት ነው። ሰፈሩም ጀሪካን እየተሸከመ ሌላ ሰፈር ሊሰለፍ ሆነ፤ ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዋን ነሣችው።

አሻጊዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እኔም በተጋበዝሁበት ምሳ ላይ፣ እኅቴ ተነፈሰች።

«እንኳን ያን ቀን መጋረጃውን ሁሉ አጠብኩት!»

«የቱን ቀን?» አለ ባሏ።

«የለካህ ዕለት ነዋ። ጠዋት ስትወጣ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ልትመጣ ስትል አጠፋሁት።»

«ሞተር አይነሣም ብያለሁ እኮ!»

«ለማን? ሰፈሩን ሁሉ ስትዞር እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ፣ ቤትህ ውስጥ!»

ለዓለም ሁሉ የሰበከው ሰው ለሚስቱ መንገር ረስቶ ነበር። ያን ጊዜ ተአምር አየሁ፤ እስከ መደገፊያው ድረስ ተቀመጠ።

«በቃ ዝም በል» አለችው እኅቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሹመቱ ይለፍና ቀስ ብለህ ታስተካክለዋለህ።»

«እስከዚያ ሰዉ ምን ይጠጣ?» አለና ተነሣ።

በማግስቱ ማለዳ እኔን ለምስክርነት እየጎተተ ከአለቃው ፊት ቆመ። ጽሑፉ ስሕተት ነው፣ ልውሰደው አለ። አለቃው በሩን ዘጋ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉ እኮ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን ብትመልሰው ወንበሩን እርሳው። ደግሞስ፣ ከመሬት በታች ያለ ነገር ነው፤ ማን ወርዶ ያየዋል?»

«ማንም አያየውም» አለ። «ለዚህ አይደል እንዴ እኔን የቀጠራችሁኝ?»

ወንበሩ ገመድ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ተሰጠ። ጉድጓዱ እንደገና በተለካ ዕለት እኅቴ የሞተሩን ቁልፍ ባንገቷ አንጠልጥላ ዋለች፤ ጎረቤቱም ጉድጓዱን ከቦ ቆመ። ገመዱ ብዙም ሳይወርድ «ጢጥ» አለ። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች።

«ምኑ ነው የሚያስጨበጭበው?» ብሎ ጮኸባት። «ካምናው እኮ ዝቅ ብሏል!»

ሰሞኑን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ጢሜን እየተላጨሁ ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ «ያ በመጋረጃ አጠባ ከሥልጣን የወረደው መሐንዲስ» እያለ ቤቱን በሣቅ ሲያናጋ ሰማሁ። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበበ ሁሉ አብሬ እንደ ሣቅሁ ይገምታል። እኔም ለመሣቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ግማሽ ፊቴ አረፋ እንደ ለበሰ፣ ከምላጩ ሥር ተፈናጥሬ ተነሣሁና ጣቴን ቀሠርሁበት።

«አንተ! አፍህን ሰብስብ! በእርሱ ላይ መሣቅ ለእኔ የተሰጠ ሥራ ነው፤ ረዳት አልጠየቅሁም!»